ባነሩ ቆሟል፤ ኩኪው ግን ቀድሞ ገብቷል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ሱሉልታ ላይ እናቷ የሚያስተዳድሩትን ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ትይዛለች። እንግዶቹ አብዛኞቹ ለከፍታ ልምምድ ከአውሮፓ የሚመጡ ሯጮች ናቸው። ገጹ ላይ በጎግል ታግ ማናጀር (ታግ የሚባሉትን የቆጠራና የማስታወቂያ ኮዶች ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር መሣሪያ) በኩል ጎብኚ የሚቆጥረውን ጎግል አናሊቲክስ፣ የጎግል ማስታወቂያ እና የፌስቡክ ፒክስል (የፌስቡክን የጎብኚ መከታተያ ኮድ) አስገብታለች። በኋላ የኩኪ (ገጹ ጎብኚውን ለማስታወስ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) ፈቃድ የሚጠይቅ ባነርም በዚያው በታግ ማናጀር ጨመረች። ባነሩ ይታያል፣ ቁልፎቹም ይሠራሉ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጀርመናዊ ደንበኛ «አልፈልግም ብዬም ኩኪ ተቀምጦብኛል» ብሎ ኢሜይል ላከ። የታግ ማናጀሯን ስክሪንሾትና የገጹን አድራሻ ለጥፋ «ምን አጠፋሁ? ባነሩ እኮ አለ!» ትላለች።

እህቴ፣ እንግዳሽ ልክ ነው። ገጹን ትናንት ማታ ከፍቼ አይቼዋለሁ። እኔ ያለሁት ኮዬ ፈጬ ነው። መብራት ሄዶ ስለነበር ላፕቶፑን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኝቼ ነው የገባሁት። ኔትወርኩ ክፉኛ ይጎተት ነበር። መጎተቱ ግን ጠቀመን። በፈጣን ዋይፋይ በቅጽበት የሚያልፈውን ነገር አንድ በአንድ ቆጥሬ አየሁት።

ክሮም ላይ በኢንኮግኒቶ፣ የድሮ ኩኪ በሌለበት መስኮት፣ ገባሁ። ኤፍ12 ተጫንኩ፣ አፕሊኬሽን የሚለውን ከፈትኩ፣ በግራ በኩል ኩኪስ ከሚለው ሥር የገጽሽን ስም መረጥኩ። ሠንጠረዡ ባዶ ነበር። መጀመሪያ ፎቶው መጣ፤ ሯጮቹ በጠዋት ጭጋግ ሜዳው ላይ የሚታዩበት። ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ገባ፤ ጂኤ ይላል። ቀጥሎ ጂኤ ብሎ መለያ ቁጥር ያስከተለ ሁለተኛ መስመር ገባ። ሁለቱም የአናሊቲክስ ናቸው። ቀጥሎ የጎግል ማስታወቂያው ጂሲኤል ኤዩ መጣ። ቀጥሎ የፌስቡኩ ኤፍቢፒ። አራት መስመር ሞላ። ባነሩ ገና አልመጣም። አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው ብቅ ያለው። «አልፈልግም» የሚለውን ተጫንኩ። ባነሩ ጠፋ። አራቱ መስመሮች ግን እዚያው ቀሩ። የአናሊቲክሶቹ ማብቂያ ከ400 ቀን በኋላ ነው፤ የሌሎቹ ሁለቱ ከ90 ቀን በኋላ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው።

ስክሪንሾትሽ ላይ ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አራት ታግ አለሽ። አራቱም «ኦል ፔጅስ» (ሁሉም ገጾች) በሚለው ትሪገር፣ ማለትም ታግ መቼ እንደሚነሳ በሚወስነው ትእዛዝ፣ ላይ ተንጠልጥለዋል። ባነሩ ራሱ ከአራቱ አንዱ ነው። ታግ ማናጀር ደግሞ አንድ ትሪገር ላይ ያሉትን ታጎች አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አያደርግም። ገጹ ሲከፈት ሁሉንም ባንዴ ያስነሳል። ስለዚህ አናሊቲክሱም ፒክስሉም ባነሩን ሳይጠብቁ ሥራቸውን ጀመሩ።

ይሄ የመጀመሪያው ጥፋት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ሰው «አልፈልግም» ሲል ባነርሽ መልሱን ለራሱ ይመዘግባል። ለሌሎቹ ታጎች ግን የሚነግራቸው የለም። እንደ አንድ ግቢ አስቢው። ባነሩ እንግዳውን የሚያናግረው ሰው ነው። ታግ ማናጀሩ በር ላይ ያለው ዘበኛ ነው። አንቺ ጋ ሁለቱ አይነጋገሩም። እንግዳው «ማንም እንዳይገባ» ብሏል፤ ዘበኛው ግን አልሰማም፣ በሩን ከፍቶ ቁጭ ብሏል። ታጎቹን ወደ ኋላ በመግፋት ብቻ የመጀመሪያውን ጥፋት ብታርሚ እንኳን ሁለተኛው ስላለ ምንም አይለወጥም።

ይሄን ያህል የማነሳው ለምን መሰለሽ? ባነር የሌለው ገጽ ቢያንስ አልጠየቀም። ጠይቆ መልሱን የማይሰማ ገጽ ግን ሰውን ያታልላል። አንቺ ይሄን አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ከዚያ ወገን ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ልዩነት የለውም።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ጂዲፒአር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ከአውሮፓ ውጭ ያለ ድርጅትም ቢሆን አውሮፓ ላሉ ሰዎች አገልግሎት የሚያቀርብ ከሆነ ይመለከተዋል። አንቺ በጀርመንኛ ገጽ አለሽ፣ ዋጋው በዩሮ ተጽፏል፣ ማስታወቂያውንም እዚያው ታሠሪያለሽ። ሱሉልታ መሆንሽ ከዚህ አያወጣሽም። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2019 በሰጠው ውሳኔ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ አይደለም ብሏል። ሰውዬው ራሱ ወዶ መጫን አለበት። የእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥር 1321/2016 ነው። ስለዚህ «ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚልሽ ካለ አትስሚው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ እንመርምር፣ ከዚያ እናፈርሳለን።

ገጽሽን ከፍተሽ ኮንትሮል እና ዩ ተጫኚ። የገጹ ኮድ ይመጣል። የአናሊቲክስ መለያ ቁጥርሽን እዚያ ውስጥ ፈልጊ። ከተገኘ አንድ ሰው አናሊቲክሱን በቀጥታ ገጹ ውስጥም ጽፎታል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የዎርድፕረስ ፕለጊን ወይም ገጹን የሠራው ልጅ ነው የሚያስገባው። እሱን አውጪ። ታግ ማናጀር እሱ ያላመጣውን ነገር ማስቆም አይችልም። ይሄን ሳያዩ ሦስት ቀን ታግ ማናጀር ውስጥ ሲባዝኑ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ከዚያ ታግ ማናጀር ግቢ። አድሚን፣ ከዚያ ኮንቴይነር ሴቲንግስ። «ኢኔብል ኮንሰንት ኦቨርቪው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ወደ ታጎቹ ዝርዝር ስትመለሺ ከላይ የጋሻ ምልክት ይመጣልሻል። እሱን ስትጫኚ የትኛው ታግ ፈቃድ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደማይጠብቅ ባንድ ላይ ታያለሽ። ዛሬ ብትከፍቺው አንቺ ጋ ምንም የተዋቀረ ነገር አይኖርም።

አሁን ያለውን ባነር አቁሚው። አታጥፊው፣ ፖዝ አድርጊው ብቻ። የሠራሽው በከስተም ኤችቲኤምኤል ታግ ነው። ባነሩ ያምራል፣ አማርኛውም ጥሩ ነው፣ ግን ከጎግል የፈቃድ ሥርዓት ጋር የሚያገናኘው ኮድ የለውም። ኮዱን ራስሽ መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን አልመክርሽም። በታግ ማናጀር የቴምፕሌት ጋለሪ ውስጥ ዝግጁ ቴምፕሌት ያላቸው የፈቃድ መሣሪያዎች አሉ፤ ኩኪቦት፣ ኩኪየስ እና መሰሎቻቸው። ስትመርጪ ሁለት ነገር ብቻ እዪ። አንደኛ፣ የጎግልን ኮንሰንት ሞድ (የሰውዬውን ፈቃድ ለጎግል ታጎች የሚነግረውን ሥርዓት) ሁለተኛ እትም ይደግፋል ወይ? ሁለተኛ፣ ጽሑፉን በራስሽ አማርኛና ጀርመንኛ መቀየር ትችያለሽ ወይ? ሌላው ጌጥ ነው።

የዚያን ቴምፕሌት ታግ ስትጨምሪ ትሪገሩን «ኮንሰንት ኢኒሻላይዜሽን - ኦል ፔጅስ» አድርጊው። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ልብ እዚህ ጋ ነው። ታግ ማናጀር ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስነሳው ይሄንን ትሪገር ነው። ቀጥሎ «ኢኒሻላይዜሽን» የሚባለው ይመጣል። «ኦል ፔጅስ» ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። እዚህ ቦታ ላይ ከፈቃዱ ታግ በስተቀር ማንንም አታስቀምጪ። አናሊቲክሴ ቶሎ እንዲነሳልኝ ብለሽ እሱንም እዚህ ካመጣሽው ተመልሰን እዚያው ነን።

ቴምፕሌቱ ውስጥ ዲፎልት የሚል ክፍል አለ። ሰውዬው ምንም ሳይመልስ በፊት ሁኔታው ምን ይሁን ማለት ነው። አራት ነገር ይጠይቅሻል። አድ ስቶሬጅ ለማስታወቂያ ኩኪ ነው። አናሊቲክስ ስቶሬጅ ለቆጠራ ኩኪ ነው። አድ ዩዘር ዳታ የሰውዬውን መረጃ ለማስታወቂያ ወደ ጎግል መላክ ነው። አድ ፐርሰናላይዜሽን ደግሞ ያንን መረጃ ይዞ ማስታወቂያ ለእሱ መምረጥ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ነው። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ደግሞ ጎግል አውሮፓ ውስጥ ማስታወቂያ ከሚያሠሩ ሰዎች ይጠይቃቸዋል። አራቱንም «ዲናይድ» (የተከለከለ) አድርጊያቸው። አራቱንም!

እዚያው «ሪጅን» የሚል ቦታ ታገኛለሽ። «ለአውሮፓ ብቻ ዲናይድ፣ ለሌላው ግራንትድ (የተፈቀደ)» ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እኔ አልወደውም፤ አንቺ ጋ ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። ሥርዓቱ ሰውዬው ከየት እንደገባ የሚገምተው በኢንተርኔት አድራሻው ነው። ጀርመናዊው ሯጭ ሱሉልታ ደርሶ፣ ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በእናትሽ ዋይፋይ ለጓደኛው ክፍል ሊይዝ ገጽሽን ቢከፍት «ኢትዮጵያዊ» ሆኖ ይቆጠራል። ሙኒክ እያለ የከለከለሽን ሰው ቤትሽ ስለገባ ሳትጠይቂ ልትቆጥሪው ነው? የገላንና የለገጣፎ ሰውስ ቢሆን ለምን ሳይጠየቅ ይቆጠራል? ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጊው።

«ዌይት ፎር አፕዴት» የሚል ቁጥርም አለ። 500 ብትይው ታጎቹ የባነሩን መልስ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃሉ ማለት ነው። ይሄ የሚጠቅመው ቀድሞ መልስ ለሰጠ፣ ተመልሶ ለመጣ ሰው ነው። «የእኛ ኔትወርክ እኮ አራት ሰከንድ ይፈጃል፣ ግማሽ ሰከንድ ምን ይሠራል?» ትዪኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግማሽ ሰከንዱ ሲያልቅ ታጎቹ ዲፎልቱን ይዘው ይቀጥላሉ። ዲፎልቱ «አይሆንም» ከሆነ ባነሩ አራት ሰከንድም ይዘግይ፣ አሥር፣ ማንም አይጎዳም። ቢበዛ አንድ ጉብኝት ሳይቆጠር ያልፍሻል። ዲፎልት ከሌለ ወይም «ግራንትድ» ከሆነ ግን ኔትወርክ በተጎተተ ቁጥር ሰው ሳይጠየቅ ይቆጠራል። ትናንት ማታ ያየሁትም ይሄንኑ ነው።

አሁን ታጎቹን እንያቸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የጎግል ታጎች፣ አናሊቲክሱም ማስታወቂያውም፣ ፈቃዱን በራሳቸው ያያሉ። ፈቃድ ከሌለ ኩኪ አያስቀምጡም። ግን ዝም አይሉም። ኩኪ የሌለበት ትንሽ መልእክት ወደ ጎግል ይልካሉ። ይሄ «አድቫንስድ» የሚባለው አሠራር ነው። «ቤዚክ» በሚባለው ደግሞ ፈቃድ እስኪመጣ ታጉ ጭራሽ አይነሳም። ጎግል በአድቫንስድ የሚላኩትን መልእክቶች ተጠቅሞ እምቢ ያሉትን ሰዎች ቁጥር በግምት ይሞላል። ያ ግምት ግን በቂ ጎብኚ ይፈልጋል። አናሊቲክስ ላይ ሲያንስ ለ7 ቀን በየቀኑ 1000 ያልተፈቀደ ኢቨንት (ገጹ ላይ የተደረገ ነገር ምልክት)፣ በተጨማሪም በቀን 1000 የፈቀደ ተጠቃሚ ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ በአንድ አገር በ7 ቀን 700 ክሊክ ይጠይቃል። ስምንት ክፍል ያለው ማረፊያ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ አንቺ አድቫንስድ ብትጠቀሚ መልእክቱ ይሄዳል፣ ግምቱ ግን አይመጣልሽም። በከንቱ ለምን ትልኪያለሽ? ቤዚክ ያዢ። ለጀርመናዊውም «አልፈልግም ካልክ ምንም አይላክም» ብለሽ በሙሉ አፍሽ መናገር ትችያለሽ።

ይሄን ለማድረግ እያንዳንዱን ታግ ክፈቺ። አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ ኮንሰንት ሴቲንግስ አለ። «ታጉ እንዲነሳ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል» የሚል ትርጉም ያለውን አማራጭ ምረጪ። ለአናሊቲክሱ አናሊቲክስ ስቶሬጅን ጻፊ። ለጎግል ማስታወቂያው አድ ስቶሬጅን፣ አድ ዩዘር ዳታን እና አድ ፐርሰናላይዜሽንን ጻፊ። ለፌስቡክ ፒክስሉም እነዚሁን ሦስቱን።

ፒክስሉን በተለይ አደራ። እሱ የጎግል ልጅ አይደለም። የጎግልን የፈቃድ ምልክት በራሱ አያይም። አንቺ ጋ ከዚህ ሴቲንግ ውጭ የሚያስቆመው የለም። «ኮንሰንት ሞድ አብርቻለሁ፣ አለቀ» ብለው ፒክስሉን ክፍቱን የተዉ ገጾች ብዙ ናቸው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ እዚህ አለ። ፒክስሉ ኦል ፔጅስ ላይ እንዳለ ተጨማሪ ፈቃድ ብትጠይቂበት፣ ገጹ ሲከፈት ፈቃድ ስለሌለ ይታገዳል። ጥሩ። ሰውዬው አምስት ሰከንድ ቆይቶ «እፈቅዳለሁ» ቢል ግን ታጉ ተመልሶ አይነሳም። ትሪገሩ አልፏል። ሰውዬው ሌላ ገጽ እስኪከፍት ይቀራል። ብዙዎቹ የፈቃድ መሣሪያዎች ሰው መልስ ሲሰጥ ወደ ታግ ማናጀር አንድ ኢቨንት ይልካሉ። ስሙ እንደ መሣሪያው ይለያያል፤ ፕሪቪው በሚባለው የታግ ማናጀር መሞከሪያ ውስጥ «እፈቅዳለሁ» ብለሽ ስትጫኚ በግራ በኩል ይመጣልሻል። ስሙን ገልብጠሽ ከስተም ኢቨንት የሚል ትሪገር ሥሪ። አናሊቲክሱን፣ የጎግል ማስታወቂያውንና ፒክስሉን ከኦል ፔጅስ ነቅለሽ እዚህ ላይ አንጠልጥያቸው። ከዚያ አንድ ነገር አረጋግጪ። ፈቅደሽ ሁለተኛ ገጽ ስትከፍቺም ኢቨንቱ ይመጣል ወይ? መምጣት አለበት። ካልመጣ የፈቀዱት ሰዎች ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ ይጠፉብሻል።

ክፍል የሚያስይዘው ፎርም ላይ ለብቻው የማስታወቂያ ታግ ካስገባሽ የራሱ ትሪገር ላይ ይቆይ። ተጨማሪ ፈቃዱን ብቻ ጨምሪበት።

ከታግ ማናጀር ውጭ ያሉትንም አትርሺ። ገጽሽ ላይ የዩቲዩብ ቪዲዮ አለ፤ እናትሽ ለሯጮቹ ቁርስ ሲያዘጋጁ የሚያሳየው። በጣም ደስ ይላል። ግን ዩቲዩብን ይዞ ይመጣል። እንደኔ የቪዲዮውን ፎቶ አስቀምጪና ሰው ሲጫነው ብቻ ቪዲዮው ይምጣ። የጎግል ካርታውንም እንደዚሁ፤ ፎቶና ሊንክ ይበቃዋል፤ ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ የሚመጣ ሾፌር ለማንኛውም ስልኩ ላይ ነው የሚከፍተው። የዋትስአፕ ቁልፍሽ ችግር የለውም፤ ሊንክ ብቻ ነው።

ስለ ባነሩ ጽሑፍም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ግድ ይለኛል። አሁን ያለው ላይ «እቀበላለሁ» ትልቅና አረንጓዴ ነው፤ «አልፈልግም» ደግሞ ትንሽዬና ግራጫ። ይሄ ተራ ነገር አይደለም። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ጎግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው እምቢ ማለትን እሺ ከማለት ስላከበዱት ነው። ሁለቱን ቁልፎች እኩል አድርጊ፤ መጠናቸውም ቀለማቸውም። ጽሑፉን ደግሞ ሰው እንደሚናገረው ጻፊው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ስንት ሰው እንደጎበኘንና ማስታወቂያችን እንደሠራልን ለማወቅ ኩኪ ማስቀመጥ እንፈልጋለን። መረጃው ለጎግልና ለፌስቡክ ይደርሳል። ይፈቅዱልናል? ባይፈቅዱም ገጹ እንደ ሁልጊዜው ይሠራልዎታል።» ከሥሩ «እፈቅዳለሁ» እና «አልፈቅድም»። «እምቢ» የሚለውን ቃል አትጠቀሚ፤ እንግዳን አፉ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አናስቀምጥም። ገጹ ግርጌ ላይም «የኩኪ ምርጫዬን ልቀይር» የሚል ሊንክ ይኑር። የፈቀደ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ መቀየር መቻል አለበት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነገር አለ። ሰው ፈቃዱን ሲሰርዝ ቀድሞ የተቀመጡት ኩኪዎች በራሳቸው አይጠፉም። ኮንሰንት ሞድ ኩኪውን ማንበብና አዲስ መጻፍ ያቆማል እንጂ አይሰርዝም። ጀርመናዊውን ጨምሮ እስከ ዛሬ የገቡት ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ማብቂያቸው ያልደረሰ መስመሮች አሁንም አሉ። የምትመርጪው መሣሪያ ሰው ሲከለክል አሮጌዎቹን ያጸዳ እንደሆነ እዪ። ካላጸዳ ገጹን ለሠራው ልጅ ንገሪው፤ አጭር ኮድ ነው።

ሙከራውን ሦስት ዙር አድርጊው። እያንዳንዱን ዙር በአዲስ ኢንኮግኒቶ መስኮት ጀምሪ፤ የፊተኛውን ዝጊው። መጀመሪያ ባነሩን ሳትነኪ ተቀመጪ። ኩኪዎቹ ሠንጠረዥ ላይ ከአራቱ አንዱም መግባት የለበትም። ሁለተኛ ዙር «አልፈቅድም» በዪ፣ ሁለት ሦስት ገጽ ክፈቺ፤ አሁንም ከአራቱ አንድም የለም። የፈቃድ መሣሪያው መልስሽን የሚያስታውስበት የራሱ ኩኪ ይኖራል፤ እሱ ችግር የለውም። ሦስተኛ ዙር «እፈቅዳለሁ» በዪ፤ አራቱ መምጣት አለባቸው። ኔትወርክ የሚለው ክፍል ውስጥ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ ዝቅ አድርገሽ ሦስቱንም ድገሚያቸው። ፕሪቪው ውስጥ ደግሞ ኮንሰንት የሚል ታብ አለ። እያንዳንዱ ኢቨንት ላይ ዲፎልቱ ምን እንደነበር፣ ከዚያ ወደ ምን እንደተቀየረ ያሳይሻል።

በአዲስ መስኮት የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆለታ አካባቢ አበባ ወደ ውጭ ለሚልክ አንድ ድርጅት ይሄንኑ ሠራሁ። ስፈትነው ሁሉም ታግ በሥርዓቱ ይነሳል። ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። የፈተንኩት ግን ከቀናት በፊት «እፈቅዳለሁ» ባልኩበት በራሴ ብሮውዘር ነበር። መልሴን አስታውሶልኛል። ለአዲስ ሰው ዲፎልቱ ጭራሽ አልተቀመጠም ነበር። ያወቅኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ በሌላ ሰው ስልክ ስከፍተው ነው። በዚያ ሦስት ሳምንት የገባው ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ ተቆጥሯል። ሄጄ ነገርኳቸው፣ አስተካከልኩትም። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሁሉም ሲያልፍ «ሰብሚት» ብለሽ ፐብሊሽ አድርጊ። ፕሪቪው ላይ የሚታየው ላንቺ ብቻ ነው።

ለጀርመናዊው ዛሬውኑ መልስ ስጪው፤ ሥራው እስኪያልቅ አትጠብቂ። አታስተባብዪ። ልክ እንደነበረ፣ ባነሩ ከታጎቹ ጋር እንዳልተገናኘ፣ እያስተካከልሽው እንደሆነ፣ እሱ ጋ ያሉትን ኩኪዎች ከብሮውዘሩ እንዴት እንደሚያጠፋ ጻፊለት። ስላሳወቀሽም አመስግኚው። ብዙ ሰው አይጽፍም፤ ዝም ብሎ ሌላ ቦታ ክፍል ይይዛል።

ለእናትሽ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከዚህ በኋላ አናሊቲክሱ ላይ ያለው የጎብኚ ቁጥር ይቀንሳል። እንግዳ ቀርቶ አይደለም። ያልፈቀደ ሰው ስለማይቆጠር ነው። አለዚያ በወሩ መጨረሻ ግራፉን አይተው ማስታወቂያውን ሊያስቆሙት ይችላሉ። ስልክ ደውሎ ወይም በዋትስአፕ ለሚይዝ ሰው «ከየት ሰሙን?» ብለው ደብተር ላይ ይጻፉት። ለስምንት ክፍል ያ ደብተር ከአናሊቲክሱ የበለጠ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ከአራቱ መስመሮች አንዱ ከታየሽ የኮንሰንት ታቡን ስክሪንሾት እዚሁ ለጥፊው። ማታ ማታ አያለሁ።